ወይዘሮ ጅምር ገደል ላይ

ወይዘሮ ጅምር የሌለችበት ቤተሰብ በዓለም ላይ የለም። «እኛ ቤት የለችም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ አትከራከሩት፤ እሱ ራሱ ነው።

ታውቋታላችሁ። ሰኞ ዕለት የውጭ አገር ቋንቋ ለመማር ትመዘገባለች። በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ላይ አቁማ በማታውቁት ቋንቋ «እንደምን ዋላችሁ» ትላችኋለች። በሦስተኛው ወር ስለ ቋንቋው ስትጠይቋት «የቱ ቋንቋ?» ብላ ዓይኗን በጨው ታጥባ ታያችኋለች። በዚያን ጊዜ እሷ ሌላ ነገር ጀምራለች።

የምነግራችሁ ወይዘሮ ጅምር በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ራጅ አንሺ ናት። ዕድሜዋ አርባ ዘጠኝ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይህን ማዕረግ ከሰጣት ሃያ ዓመት አልፎታል። በአልጋዋ ሥር አንድ ክላርኔት፣ ግማሽ የቼዝ መማሪያ መጽሐፍ (ሌላው ግማሽ የት እንደገባ አይታወቅም) እና አንድ ጆሮ ብቻ ያለው የባሏ ሥዕል ይገኛሉ። በረንዳው ላይ ንብ ገብቶበት የማያውቅ ቀፎ አለ። አዲስ ነገር በጀመረች ቁጥር አገጯን ቀና አድርጋ የምትለው አንድ ነው፤ «ይሄኛው ግን ይለያል!» ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ትዕግሥቱም እንደ ሙያው ነው። እሱም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የት ነው የምናስቀምጠው?»

ወይዘሮ ጅምር ባለችበት ቤተሰብ ደግሞ ጅምሩን የሚሰበስብ ሰው አይጠፋም። ያ ዕጣ የወደቀው በታናሽ እህቷ ላይ ነው። ታናሽቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት የስፌት መኪና አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ ሦስተኛ ሰው ጎኑን አዙሮ በሚገባበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። በሕይወቷ የጀመረችውን ሳትጨርስ ተኝታ አታውቅም፤ የእህቷንም ጭምር። እትዬዋ አንድ እጅጌ ሠርታ የተወችውን ሹራብ ሌላውን እጅጌ ጨምራ አራት ክረምት ለብሳዋለች። በቀፎው ውስጥ አበባ ተክላበታለች። የባልየውን ሁለተኛ ጆሮ እንኳ በልብስ መቅደጃ ጠመኔ ልትሥልለት ሞክራ ነበር፤ አላማረላትም፤ ጠርጋ ተወችው። ይህንንም እስከ ዛሬ እንደ ነውር ትቆጥረዋለች።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

አንድ ቀን አንድ ሸበቶ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሮ ራጅ ክፍል ገባ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ገደል መውጣት ያስተማረ ሰው ነው። የተሰበረው ግን ከገዛ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ ነው።

«ትንፋሽ ይያዙ። እንዳይንቀሳቀሱ» አለችው ወይዘሮ ጅምር።

«ለእግር ራጅ ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ተሳሳቁ። ሥራዋን ስትጨርስ በመስኮቱ በኩል ከከተማው ጀርባ የሚታየውን ተራራ አገጩን ወደዚያ አድርጎ አሳያት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ መስኮት ስታየው ኖራለች፤ ሰው የሚወጣው ነገር መሆኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ጫፉ ላይ ነጭ በረዶ አለው።

«እኔ ብወጣውስ?» አለች።

ሰውየው ከጫማዋ ጀምሮ ቀስ ብሎ እስከ ፀጉሯ አያት። «ግማሹ በእግር ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ስምንት እርከን ገደል ነው። እያንዳንዱ እርከን የአንድ ገመድ ርዝመት ነው። ያንን ሳይማሩ የሚሞክሩት መጨረሻቸው እዚህ ነው» አለና የተኛበትን የራጅ አልጋ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ደግሞ ለብቻ አይወጣም። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ እህቷ ሱቅ ሄደች። ታናሽቱ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ዘርፍ እየለካች አፏ ስፒል ሞልቶታል።

«ሚሚዬ፣ አንድ ነገር ልጀምር ነው። ካንቺ ጋር። ገደል መውጣት። እምቢ ካልሽ አሁኑኑ ተናገሪ!»

አፉ ስፒል የሞላ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ስፒሉን አንድ በአንድ አውጥታ ስትጨርስ እትዬዋ ለሁለት ሰው ተመዝግባ ወደ ቤቷ ሄዳለች።

«ጉድ ነው! እህትዎ ናቸው?» አለች ደንበኛዋ።

«ምን ላድርግ፣ ናት» አለች ታናሽቱ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ማውጫ ነበር። አሠልጣኙ እግሩ እስኪድን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በከዘራው እየጠቆመ አስተማራቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀዳሚዋ ስትወጣ ተከታይዋ ከታች ሆና ገመዱን ይዛ ትጠብቃታለች። ቀዳሚዋ በመንገዷ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የብረት ሽብልቅ እየሰካች ገመዷን ታሳልፍበታለች፤ ብትወድቅ ያ ሽብልቅ ይይዛታል። ማረፊያው ላይ ስትደርስ በሦስት ሽብልቅ መልህቅ ትሠራና ራሷን ታስራለች፤ «ደህና ነኝ!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ በተራዋ ገመዱን ከላይ ትይዛለች፤ ተከታይዋ ሽብልቆቹን እየነቀለች፣ እየሰበሰበች ትወጣለች።

«ቆይ እንጂ» አለች ታናሽቱ ይህን ስትሰማ፤ «እሷ ትተክላለች፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እሰበስባለሁ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ይሄንንማ አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ምስክር ወረቀቱን አሁኑኑ ይስጡኝ።»

ክብርት ወይዘሮ ጅምር በተፈጥሮዋ መጀመር ስለምትወድ ታናሽቱ ገና ሄልሜቷን ሳታጠልቅ እግሯ ድንጋዩ ላይ ነበር። «ጀመርኩ!» ትላለች። «ውረጂ!» ይላል አሠልጣኙ። በአንድ ጠዋት ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ አወረዳት። ሕጉ ጥብቅ ነው። አንዷ የሌላዋን የገመድ ቋጠሮና ገመዱን ከመታጠቂያው የሚያያይዘውን የብረት ቀለበት በእጇ ነክታ፣ ያየችውን በአፏ ተናግራ ካልጨረሰች ማንም እግሩን አያነሳም።

ከዚያ በኋላ የከተማው ሕዝብ መከራውን በላ። ወይዘሮ ጅምር ያገኘችውን ነገር ሁሉ ማሰር ያዘች። ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ሽማግሌ የጨረር መከላከያ ሽርጥ በተሳበ ቁጥር በሚጠብቅ ቋጠሮ ታስሮ ሐኪም፣ ነርስና ጥበቃ ተረዳድተው ፈቱት። አንድ ምሽት ባሏ ከሥራ ሲመለስ የወጥ ቤቱ በር አልከፈት አለው። ከበሩ ጀርባ ገመዱ ከፍሪጁ፣ ከምድጃውና ከምግብ ጠረጴዛው እግር ጋር በሦስት አቅጣጫ ተወጥሯል።

«በመስኮት ግባ!» አለችው ከውስጥ። «መልህቁ ገና አልተፈተሸም!»

ምስኪኑ ሰውዬ በመስኮት ገባ። ገብቶም ቦርሳውን አስቀመጠና «የት ነው የምናስቀምጠው?» አለ።

ታናሽቱ በበኩሏ ሳታስበው ሙያ አገኘች። የተወሳሰበ ገመድ ለእሷ እንደ ተወሳሰበ ክር ነው፤ ሌላው ሰው የሚሳደብበትን እሷ እያንጎራጎረች ትፈታዋለች። የወገብ መታጠቂያዋን የመጀመሪያ ቀን ገልብጣ ስፌቱን አንድ በአንድ አየችና «የሰፋው ሰው ሙያ አለው» ብላ ታጠቀችው። እትዬዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ሜትር ላይ ስትወድቅም ገመዱን ይዛ ያስቀረቻት እሷ ናት። ወይዘሮ ጅምር አየር ላይ ተንጠልጥላ እንደ ደወል እየተወዛወዘች «ያዝሽኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። ታናሽቱ ግን አልሳቀችም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተሰቡ ሦስተኛውን ወር እንደ መውለጃ ቀን እየቆጠረ ይጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ጅምር ሦስተኛውን ወር ተሻግራ አታውቅም። እናታቸው በየቀኑ ለታናሽቱ ስልክ ትደውላለች።

«ተወችው?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ዛሬ ነገ ነው፤ አይዞሽ።»

ሦስተኛው ወር ሲገባ አሠልጣኙ፣ እግሩም ድኖ ስለነበር፣ ባለሦስት እርከን ገደል ላይ ወሰዳቸውና በራሱ ገመድ ጎን ለጎን ወጣ። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ወይዘሮ ጅምር መልህቋን ሠርታ «ደህና ነኝ!» ብላ ጮኸች። አሠልጣኙ «አንቺ ቆዪ!» ብሎ ታችኛዋን አስቆመና ወደ መልህቁ ተጠጋ። አንዱን ሽብልቅ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረገው። ሽብልቁ እንደ ወተት ጥርስ ወለቀና መዳፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄ ነው እህትሽን የሚይዛት?» አላት። አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

የዚያን ቀን በገመድ ወርደው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ ጅምር «አሞኛል» አለች። በዚያኛውም ቅዳሜ አሞኛል አለች።

ታናሽቱ መጀመሪያ እፎይ አለች፤ መቼም እውነቱ መነገር አለበት። እስኪበቃት ተኛች። እግሯን ዘርግታ ሻይ ጠጣች። እኩለ ቀን ላይ ግን ከየት እንደመጣ ያላወቀችው ንዴት ያዛት። ሱቋን ዘግታ ወደ እህቷ ቤት ገሰገሰች። በሩን የከፈተላት ባልየው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቦታ አግኝታለታለች» አላት። ገመዱ አልጋው ሥር ገብቷል ማለቱ ነው። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

ወይዘሮ ጅምር መኝታ ቤት ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች።

«እትዬ፣ ተነሺ።»

«ተይኝ ሚሚ።»

«ሁሌ በሦስተኛው ወር ነው። ምንድነው እሱ? በሞቴ፣ ዛሬ ንገሪኝ።»

ወይዘሮ ጅምር ወደ ግድግዳው እንደዞረች ተናገረች። «ጀማሪ ስሆን ሰው ይስቅልኛል። ትንሽ ስቆይ ነው የሚስቅብኝ። ስለዚህ ሳይስቅብኝ እሄዳለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይሄ ግን እሱ አይደለም። ያ ብረት እጁ ላይ ሲወልቅ ቁልቁል አየሁ። አንገትሽን ቀና አድርገሽ እየጠበቅሽኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ ስላልኩሽ አምነሽኝ። ክላርኔት ብተው ማን ይሞታል?»

ታናሽቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሆዷ ባባ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ስሚኝ። ሹራብሽን ጨረስኩልሽ። ቀፎሽን አበባ ተከልኩበት። ይሄን ግን እንዴት አድርጌ ልጨርስልሽ? ገደሉን ሱቄ ውስጥ ላስገባው?» ወይዘሮ ጅምር ሳትወድ በግድ ትከሻዋ በሳቅ ተነቃነቀ። «ስፌት ሲበላሽብኝ እኮ ጨርቁን አልጥለውም። እፈታለሁ፤ እንደገና እሰፋለሁ። አሥር ጊዜ ቢሆን አሥር ጊዜ። ተነሺ በይ፣ ፍቺና እንደገና ሥሪው!»

ብላም ጎንበስ አለችና ገመዱን ከክላርኔቱ ጋር እየጎተተች አወጣችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የሠሩት መልህቅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ጅምር መሬት ላይ ቆማ፣ ዝናብም ፀሐይም ሳይበግራት፣ ሽብልቅ ስትሰካና ስትነቅል ዋለች። አሠልጣኙ በሁለት ጣቱ ይስባል፤ ከዚያ በእጁ፤ ከዚያ ሙሉ ሰውነቱን ይጥልበታል። አንድ ቀን ተንጠለጠለበት፣ ዘለለበት፣ አልነቃነቅ አለው። «እምም» አለ። ተማሪዎቹ እንደሚሉት በአርባ ዓመት ውስጥ «እምም» የተባለለት ሰው ጥቂት ነው።

እናታቸውም መደወሏን አልተወችም፤ ጥያቄዋ ግን ተቀየረ። «አሁንም አልተወችውም?» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ይሁን ኩራት አይታወቅም።

የተራራው ቀን ደረሰ። አሠልጣኙ እስከ ገደሉ ሥር ሸኛቸውና የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አይመጡም እንዴ ጋሼ?» አለች ታናሽቱ።

«እኔ ከመጣሁ እኔን ነው የምታዩት። እስከ እኩለ ቀን ስድስተኛው ማረፊያ ላይ ካልደረሳችሁ ትመለሳላችሁ። ጭቅጭቅ የለም።»

ፀሐይዋ ጫፉን ነካ ስታደርገው ወይዘሮ ጅምር የእህቷን ቋጠሮ ነካች። እህቷም የእሷን ነካች። «ቋጠሮ ደህና። ቀለበት ተቆልፏል።» ከዚያ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹ እርከኖች እንደ ደረጃ ሄዱላቸው። ከላይ «ደህና ነኝ!» ይሰማል፤ ታናሽቱ ሽብልቅ እየነቀለች፣ ወገቧ ላይ እያንጠለጠለች ትወጣለች። ድንጋዩ ጣት ያደነዝዛል። ማረፊያ ላይ ሲገናኙ ገመዱን አስተካክለው ይደረድሩና እንደገና። አራተኛው ላይ መኪናዎች ጉንዳን አከሉ። አምስተኛው ላይ ታናሽቱ ቁልቁል ማየት ተወች። ስድስተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።

ሰባተኛው እርከን ላይ ነፋስ ተነሳ። ወይዘሮ ጅምር ጥጉን ዞራ ከዓይን ጠፋች። ገመዱ ትንሽ ሄደ፤ ትንሽ ሄደ፤ ቆመ። «እትዬ!» ብላ ብትጮኽ ነፋሱ ድምፅዋን ከአፏ ነጥቆ ወሰደው። በዚህ ጊዜ የሚነጋገሩት በገመዱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲሳብ ደህና ነኝ ማለት ነው። ታናሽቱ እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ተጎዳች? ወይስ እዚያ ላይ ሆና ሦስተኛው ወር መጣባት? ይህን በማሰቧ ራሷን ታዘበች። ቢሆንም ገመዱን የያዘው እጇ አልላላም። ሃያ ደቂቃ ሆነ።

ከዚያ ገመዱ ተሳበ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ታናሽቱ እንዴት እንደወጣችው አታስታውስም። ስትደርስ እትዬዋ ከንፈሯ በብርድ ተሰንጥቆ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ሦስት ሽብልቅ ላይ ታስራ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ነፍሴን አወጣሽው እኮ!»

«የመጀመሪያው አላማረኝም። ፈታሁት።»

«እና?»

«ሁለተኛውም አላማረኝም። ሦስተኛው ይሄ ነው።»

ታናሽቱ እጇን ዘርግታ አንዱን ሽብልቅ በሁለት ጣቷ ሳበችው። ከዚያ በሙሉ እጇ። ከዚያ ቂጧን ወደኋላ ጥላ ተንጠለጠለችበት። ተራራው ቢነቃነቅ እንጂ እሱ አይነቃነቅም።

«እምም» አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የቀረው አንድ እርከን ነው፤ አጭርም፣ ቀላልም። ወይዘሮ ጅምር የሽብልቅ ማንጠልጠያውን ከትከሻዋ አውልቃ ለእህቷ ዘረጋችላት። «ይሄን አንቺ ምሪ። መጨረስ ያንቺ ሙያ ነው። እኔ ከኋላ እሰበስባለሁ።»

ታናሽቱ ማንጠልጠያውን አየችው። መምራት ታውቃለች፤ ተምራለች። ጫፉን ቀድሞ መርገጥም ያምራል። ግን ማንጠልጠያውን ተቀብላ መልሳ በእህቷ ትከሻ ላይ አጠለቀችው፤ አንገትጌ እንደምታስተካክል ሁሉ አስተካከለችላት።

«አንቺ ነሽ የምትጨርሽው። እኔ እዚህ ነኝ፤ ይዤሻለሁ። ውጪ!»

ወይዘሮ ጅምር ወጣች። አንድ ሽብልቅ ሰካች፤ ሁለተኛ ሰካች፤ የበረዶውን ጠርዝ ያዘችና ከዓይን ጠፋች። ከዚያ ከላይ አንድ ድምፅ መጣ። ቃል አልነበረም። «ደህና ነኝ»ም አይደለም፤ እልልታም አይደለም። አርባ ዘጠኝ ዓመት ታፍኖ የኖረ ጩኸት ነበር። ነፋሱ እንኳ ሊነጥቀው አልቻለም፤ ታች ያለው አሠልጣኝ ሰምቶት ብድግ አለ።

ታናሽቱ ጫፉ ላይ ስትደርስ እትዬዋ ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ገመዱን ግን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ልታቅፋት ብትጠጋ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«መጀመሪያ ታሰሪ! ከዚያ ታለቅሻለሽ!»

ታሰረች። ቋጠሮዋ ተነካ፤ ቀለበቷ ተፈተሸ። ከዚያ ተቃቀፉና አለቀሱ። ከሥራቸው ከተማው በሙሉ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ተኝቷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ተራራ፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ።

ወይዘሮ ጅምር መውረዱንም ጨረሰችው። ስምንቱንም እርከን ፈትሻ ወረደች፤ አንዱንም አልዘለለችም። እግሯ መሬት ሲረግጥ አሠልጣኙ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

«ሰባተኛው ላይ መልህቅሽን ስትፈቺ አየሁ» አላት። «አንዴ ስትፈቺ ደነገጥኩ። ሁለተኛ ስትፈቺ መነጽሩን አስቀመጥኩና ምሳዬን በላሁ።»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። በዚያ ጩኸት ድምፅዋ ተዘግቷል። ቤተሰቡ ይህን ቀን ለማየት ስንት ዓመት ሲመኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ወደ ከተማ ሲመለሱ አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ወይዘሮ ጅምር ገና ከመቀመጧ ራሷን እህቷ ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ የተቧጨረ እጇንና ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪዋን አይተው «ምን አግኝቷት ነው፣ ልጄ?» አሉ።

ታናሽቱ በተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት። ደንበኞቿ እንደሚመሰክሩት ከ«እጅዎን ያንሱ» እና «ይዙሩ» ውጪ ከአፏ ብዙ አይወጣም። አሁን ግን አፏን ሞልታ ጀመረች። ከአንደኛው እርከን ተነስታ አንድም ሽብልቅ ሳታስቀር ተናገረች። ሴትዮዋ ብቻ ሳይሆኑ ከፊት ያሉት ዞሩ፤ ከኋላ ያሉት ቆሙ፤ ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ሦስተኛው መልህቅ ሲጠብቅ አንድ ጎልማሳ «አበጀሽ!» ብሎ ጮኸና አጨበጨበ።

«ሽሽሽ!» አለች ታናሽቱ፣ መዳፏን በእህቷ ጆሮ ላይ አድርጋ። «እህቴ ናት። ቀስ በሉ፣ ደክሟታል፣ ትተኛበት።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ስምንተኛውን ነገረቻቸው።